ውሃ የቋጠረው ደረት

ወታደሮች ከሞጣ ገበያ መሀል አንሥተው በላንድሮቨር ቢቸና ወሰዱኝ። ጥፋቴ ድንጋይ ላይ ወጥቼ «አዲሱን ግብር አትክፈሉ» ማለቴ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አፌ አያርፍም።

ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳው ሲነካ የጤፍ አቧራ ይረግፋል፤ ሁሉም ያስላል። ውስጥ ያሉት ሴቶች ባሎቻቸው በግብሩ ሰበብ ጫካ ስለገቡ በእነሱ ምትክ የተያዙ ናቸው።

«አንቺስ የማን ምትክ ነሽ?» አለችኝ አንዷ።

«የራሴ።»

«ወይ ጉድ! ባል ሳታገቢ ታሰርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፈው የሚቀመጡ እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እቴቴ እንላቸዋለን። ጋደም ማለት አይችሉም። ሲናገሩ በየቃሉ መሀል ቆም እያሉ ትንፋሽ ይለቅማሉ። ሴቶቹ «ውጋት ነው» እያሉ ጎናቸውን በቅቤ ያሹላቸዋል።

አንድ ረፋድ ከጤና ጣቢያ ሐኪም መጣ። ጀርባቸውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ማዳመጫውን አስጠጋ፤ ሊያነጋግራቸው ሞከረና ወደ እኔ ዞረ።

«ተማሪዋ አንቺ ነሽ? ፕሉራል ኢፊውዥን ነው። ውሃው በመርፌ ካልተቀዳላቸው ታፍነው ይሞታሉ። እኔን እምቢ አሉኝ፤ አንቺ አስረጃቸው። መርፌዬን ቀቅዬ እስክመለስ እሺ ካላሉ ወደ ደጀን መሄዴ ነው።»

ደስ አለኝ። የሳንባን ትምህርት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣው ነበር። ሴቶቹ መሀል ቆሜ ጀመርኩ።

«እቴቴ፣ አየር በናዛል ካቪቲ ይገባል፤ ከዚያ ፋሪንክስ፣ ላሪንክስ፣ ትራኪያ፣ ብሮንካይ፣ አልቪዮላይ…»

«ይህች ልጅ ደብተራ ናት እንዴ?» አለች ያችው ተረበኛ። «የማን መልክእ ነው የምትደግመው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ። እቴቴ አልሳቁም።

«ልጄ… በእናትሽ አፍ… ንገሪኝ» አሉ።

በእናቴ አፍ ጉሮሮ አለ፣ ሳንባ አለ፣ ትንፋሽ አለ። ከዚያ ወዲያ የምለው ጠፋኝ። የህንዱ መምህራችን በጠመኔ ከሳለው ደረት ላይ ስሙን ሁሉ ሞልቼ የተጨበጨበልኝ ልጅ ነኝ፤ አንዱንም በአማርኛ አስቤው አላውቅም። 

«ሳንባዎን የሸፈነ ስስ ልባስ አለ» አልኩ በመጨረሻ። «እዚያ ውሃ ቋጥሯል።»

«ውሃ? ትን… ብሎኝ ነው?»

«አይደለም፤ የጠጡት አይደለም።»

«መርፌው ሲበሳኝ… እስትንፋሴ በቀዳዳው… ቢወጣስ?»

ሁሉም አፍ አፌን አዩኝ። «አይወጣም» ልል ነበር። መጽሐፋችን ግን ስለ መርፌ ያለው ነገር የለም።

«አላውቅም፣ እቴቴ። እኔ የማውቀው ስሙን ብቻ ነው።»

እጄን ፈልገው ያዙ። ትንፋሻቸው ደረቅ፣ አጭር አጭር ነበር።

«እስኪጨርስ… ትይዥኛለሽ?»

«እይዝዎታለሁ።»

«እንግዲያው… ይውጋኝ።»

ሐኪሙ ሲመለስ በሩን የሚጠብቀው ወታደርም አብሮ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው እቴቴን ከለሏቸው። እቴቴ ክንዳቸውን አንገቴ ላይ ጣሉ። መርፌው በጀርባቸው ሲገባ ጥፍራቸው ትከሻዬን ቧጠጠኝ እንጂ ድምፅ አላወጡም። ብርዝ የመሰለ ውሃ ሳህኑን ሞላው። ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ረዘመ።

«ክንድሽ ደነዘዘ ልጄ፤ በይ አሁን ልቀቂኝ» አሉ፣ አንዴም ሳያቋርጡ።

ወታደሩ ሳህኑን በጫማው ገፋ አደረገው። «የሽፍታ ሚስት እዥ! ውሰጂና በሩ ላይ ድፊው፤ ውጭ ያሉት ወንዶቹ እስረኞችም ይዩት።»

ሳህኑን አነሣሁ። በነጠላዬ ሸፍኜ በሩን አልፌ እስከ አጥሩ ጥግ ሄድኩ፤ በእጄ አፈር ጭሬ ውሃውን ቀበርኩት። ወታደሩ ከኋላዬ «ደንቆሮ ነሽ?» እያለ ይጮሃል፤ ዞሬ አላየሁትም።

በማግስቱ እቴቴን ወደ ማርቆስ ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

አሁን ተፈትቼ ሞጣ ነኝ። ጎረቤቶች «ስለ ገበሬው የታሰረች» እያሉ ለእንግዳ ያሳዩኛል። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። «እስቲ አውሪን» ሲሉኝ ስለ ወታደሩና ስለ ሳህኑ አወራላቸዋለሁ፤ ይወዱታል። እቴቴ «በእናትሽ አፍ ንገሪኝ» ማለታቸውን፣ እኔም ቃሉን አጥቼ መቆሜን ዛሬ ጻፍኩት እንጂ በአፌ አውጥቼው አላውቅም።