ለበሬ ጆሮ የተዜመው

ንፋስ መውጫ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ክወናና እይታ ጥበብ የሚሉትን የሙዚቃ፣ የቲያትርና የሥዕል ትምህርት አስተምራለሁ። ትምህርት ቤቱ አንድ ከበሮና ሁለት ክር የጎደለው ክራር አለው፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሙዚቃ ስማር ጀምሮ አብሮኝ የኖረ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ኖታ የምጽፍበት ፕሮግራም ጭኛለሁ። ፕሮግራሙ አምስቱን መስመር ይዘረጋልኛል፣ እኔ ኖታውን እደረድራለሁ፣ ከዚያ አንዲት ቁልፍ ስጫን የጻፍኩትን መልሶ ያዜምልኛል። ክረምት ላይ ብርዱ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ከእሱ ጋር ነው የምውለው።

አምና ርእሰ መምህሩ ጠሩኝና፣ «ለወላጆች በዓል ልጆቹ አንድ ነገር ያዚሙ። ባህላዊ ይሁን፤ ግን ሁሉም ትምህርት ቤት የሚያቀርበውን አታምጪልን» አሉኝ። ሳላስበው፣ «የውቂያ ዜማ አለኝ» አልኩ። የአጎቴ ዜማ ነው። ከሰማሁት ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ግን አንድም ነገር የረሳሁ አልመሰለኝም።

እናቴ እስቴ ውስጥ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወንድሟ መጥተው በበቅሎ አፈናጠው ስማዳ ወሰዱኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያደግኩት እሳቸው ቤት ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ገብሱ ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ውቂያው ተጀመረ።

በእኛ ቀዬ ያኔ ሴት አውድማ አትረግጥም፤ የምርቱን በረከት ይነሳል ይባላል። ስለዚህ እኛ ሴቶች ልጆች ምሳውንና ጠላውን ተሸክመን አውድማው ዳር ካለው ድንጋይ ድረስ እንሄዳለን፣ እናስቀምጣለን፣ «ምሳ ደርሷል!» ብለን እንጣራለን፣ ከዚያ ዕቃው ባዶ እስኪሆን እዚያው ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። አጎቴን ያዳመጥኳቸው ከዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ከበሬዎቹ ኋላ ሆነው አንድ ስንኝ ይለቁታል፤ ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ካለው ገደል ጋር ተላትሞ ይመለሳል። ከዚያ ዝም ይላሉ። ጭዱን የሚረግጠው የበሬ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ትንሽ ቆይተው እንደገና ይለቁታል።

ሌሎቹ ልጆች ያንን ዜማ ይወዱት ነበር። እኔም በሌላው ዓመት ወደድኩት፤ በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ግን ጠላሁት። እናቴ ከሞተች ሁለት ወር አልሞላትም። እህታቸው ናት። እኔ ገና ስሟ ሲነሳ የምሸሸግበት ሲጠፋኝ፣ እሳቸው ፀሐይ ላይ ቆመው አገር እስኪሰማ ያዜማሉ። ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ አስተማሩኝ፣ እዚህ አደረሱኝ፣ አባትም እናትም ሆኑኝ፤ ያቺ ቂም ግን እግር ውስጥ እንደቀረች ትንሽ እሾህ አልወጣችም። ስረግጥ ብቻ ትሰማኛለች።

እንግዲህ ኖታውን የጻፍኩት በዚያ ትዝታ ነው። አንድ ስንኝ ጮክ ያለ፣ ከዚያ እረፍት፣ ደግሞ ጮክ ያለ ስንኝ፣ ደግሞ እረፍት። የድምፅን ጉልበት የሚያሳዩትን ምልክቶች ፈረንጅ በጣሊያንኛ ፊደል ነው የሚጽፋቸው፤ እኔም እንደተማርኩት ከእያንዳንዱ ስንኝ ሥር ኤፍ አደረግኩና አትሜ ለልጆቹ አደልኩ።

ልምምድ በጀመርን በሁለተኛው ቀን፣ ዜማውን እንድታወርድ የመረጥኳት የስምንተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አካባቢ የመጣች፣ የገባትን ነገር እንኳ ለመጠየቅ የማታፍር ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ይቺ ኤፍ ምንድን ናት?»

«በጣሊያንኛ ጮክ በሉ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ጮክ ተብሎ አይጻፍም?»

ቤቴ ገብቼ ፕሮግራሙን ስበረብር የራስን ምልክት መሥራት የሚቻልበት ቦታ አገኘሁ። ኤፏን አጠፋሁና በእሷ ቦታ «ጮክ» ብዬ ጻፍኩ። ሳስዜመው ግን ማሽኑ ጮክ አይልም፤ ምንም ምልክት የሌለው ያህል ያዜመዋል። ነገሩ እስኪገባኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቃሉ ለሰው ዓይን ነው እንጂ ማሽኑ አማርኛ አይሰማም። ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ ከአንድ እስከ መቶ ሃያ ሰባት። ከቃሉ ጀርባ ቁጥሩን ካላስቀመጡለት ቃሉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መቶ ሰጠሁት፤ ታዘዘኝ።

ከዚያ ቃሉ ራሱ አነሰብኝ። የአጎቴ ድምፅ ጮክ ያለ ብቻ አልነበረም፤ ወደ አንድ ቦታ የሚላክ ነበር። «ጮክ»ን ሰርዤ «ለማዶ» አልኩት፤ ቁጥሩንም መቶ ሃያ አደረግኩት። በማግሥቱ ልጆቹ ወረቀቱን አዩና ማንም ሳያዛቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በመስኮቱ ትይዩ ያለው ጋራ ላይ ሰው የቆመ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው ለቀቁት። እንደዚያ ቀን በሙያዬ ተደስቼ አላውቅም።

ደስታው ለብቻዬ አልበቃ አለኝ። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሳምንት ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ወረድኩ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። አጎቴ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ልጆቻቸው አሁን የመውቂያ ማሽን እያመጡ ክምሩን በግማሽ ቀን ይጨርሱታል፤ አውድማውም ሣር በቅሎበታል። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ አስዜምኩላቸው።

«ማን ነው ይኼ?»

«ሰው አይደለም ጋሼ፣ ማሽን ነው። የእርስዎን ዜማ ነው የሚለው።»

ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። «ደህና ይላል። አይደክመውም እንጂ» አሉ። ሁለተኛው ስንኝ አልቆ እረፍቱ ጋ ሲደርስ ግን ጠበቁ፣ ጠበቁና እጃቸውን አነሱ።

«አቁሚው። እዚህ ላይ ለምን ዝም አለ?»

«እርስዎ ዝም ይሉ ስለነበር ነዋ።»

«እኔ? እኔ መቼ ዝም አልኩ? ዝም ብልማ በሬው ይቆም ነበር።»

«እኔ ዳር ሆኜ ስሰማ...»

«አንቺ ዳር ነበርሽ» አሉ፣ ቀስ ብለው፤ ነገሩ ገና የገባቸው ያህል። «በጩኸት በሬ አይነዳም ልጄ። ጩኸቱ ለሰው ነው። ማዶ ያለው ሰምቶ እዚያ ቤት እህል አለ እንዲል ነው። ደክሞት የቆመን በሬ ብትጮሂበት ይብስ እግሩን ይተክላል። ጠጋ ብለሽ በጆሮው ነው የምትለምኚው።»

ተነሡ። ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤት ጀርባ ወደታሰረው በሬ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። መዳፋቸውን አንገቱ ላይ ጣል አድርገው አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠጉና ማዜም ጀመሩ። አንድ ክንድ ርቄ ቆሜ ምንም አይሰማኝም፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስና የበሬው ጆሮ ሲታጠፍ ብቻ ነው የማየው። ስልኬን ለመቅዳት አወጣሁ፤ እሳቸው እጄን ሳቡና በአፋቸውና በበሬው ጆሮ መካከል አስገቡት፤ እኔም አብሬ ተጠግቼ ሰማሁ።

ዙር እንጂ ወንድሜ፣ ፍሬው ይለይና፣
አንተም እኔም እንረፍ፣ ጀንበር ዘቅዝቃና።

ዜማው ያው ጮክ ብለው የሚለቁት ዜማ ነው፤ ግን ተጣጥፎ መዳፍ ውስጥ የገባ ይመስላል። ያን ሁሉ ዓመት ግማሹን ብቻ ነበር የሰማሁት። ግማሹን ሰምቼ ሙሉውን አውቃለሁ ብዬ፣ ባልሰማሁት ቦታ ዝምታ ጻፍኩበት።

«ቃሉ ሁልጊዜ ይኸው ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ የለም። ያለብሽን ነው የምትነግሪው። በሬ ወሬ አያወጣም።» የበሬውን አንገት ማሸት አላቆሙም። «እናትሽ ያረፈች ዓመት የእሷን ነገር ነበር የምነግረው። ቤት ውስጥ አንቺ አለሽ፣ እነዚያ ልጆች አሉ፤ እኔ ካለቀስኩ ማን ዝም ያሰኛችኋል? ጮክ ስል ሰው እሰይ በረታ ይለኛል፤ ዝቅ ስል ለእሱ እነግረዋለሁ። የዚያን ዓመቱን ክምር ከዳር እስከ ዳር በእሷ ነው የወቃሁት።»

በሬው አጠገብ ካለው ጭድ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ወደ እኔ አልዞሩም፤ ወደ በሬው እያዩ ቆዩልኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ... ያን ጊዜ ተቀይሜዎት ነበር። እህትዎ ሞታ ይዘፍናሉ ብዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ዓመት ምሳውን ድንጋዩ ላይ ጥለሽ ሳትጣሪ ነበር የምትመለሽው። ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ።»

«ለምን አልተቆጡኝም ታዲያ?»

«ምን ብዬ? ልጅ ለእናቷ ብትኮርፍ ይቆጧታል?»

ከሰዓት በኋላ አብረን ምሳ በላን። ትኩስ ነበር፤ ሁለታችንም ጠግበን በላን።

ንፋስ መውጫ ስመለስ እረፍቶቹን አንድ በአንድ አጠፋሁና በቦታቸው ዝቅ ያለውን ዜማ ጻፍኩ። ፈረንጆቹ ዝቅ ላለ ድምፅ የሚያደርጓት ፒ አልሆነችም። ሁለት ፒ፣ ሦስት ፒ አደረግኩ፤ አሁንም ሰው ለሰው የሚያዜም ይመስላል። ስለዚህ ሌላ ምልክት ሠራሁ፤ «ለበሬ ጆሮ»። ቁጥሩን አምስት ስለው ምንም አይሰማም፤ ሃያ ስለው ይበዛል። ስልኬ ላይ የቀዳሁትን በአንድ ጆሮዬ፣ ላፕቶፑን በሌላው እያደረግኩ ከፍ ዝቅ ሳደርግ ውዬ አሥራ አራት ላይ ቆምኩ። ከማሽኑ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ድምፁን ቀነሰልኝ፤ ትንፋሹን ግን ከየት ያምጣው።

ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ፊት ለፊት አቆምኳቸውና አንዱ በአንዱ ጆሮ እንዲያዜም አደረግኩ። መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ ተኮረኮሩ። ቀስ በቀስ ጸጥ አሉ። ያቺው የአርብ ገበያዋ ልጅ መጣችና፣ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ የራሳችንን ቃል ማስገባት እንችላለን?» አለችኝ።

«ትችላላችሁ። ለእኔ ግን አትንገሩኝ።»

በበዓሉ ቀን አጎቴ ከዋዜማው መጥተው ስለነበር ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። «ለማዶ»ው ሲለቀቅ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ዝቅ ያለው ሲመጣ ግን ሰዉ ማይክ የጠፋ መሰለው። የድምፅ መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ሰው እየሮጠ መጥቶ ድምፁን ሲጨምረው ድምፅ ማጉያው አንዴ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሳቀ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ልጅቷ ግን አላቋረጠችም። በሦስተኛው ዙር ከማይኩ ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ወደቆመችው ልጅ ጆሮ ዞረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ፊት ያሉት ጎንበስ ብለው አዳመጡ፤ ከኋላ ያሉት ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ሲያልቅ ርእሰ መምህሩ፣ «ቆንጆ ነበር፤ መሃል መሃሉ አልተሰማም እንጂ» አሉኝ። ይህንን ለአጎቴ ስነግራቸው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

«ለእሳቸው አልነበረማ» አሉ።

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ስሸኛቸው፣ እኔ ሳልጠይቅ ስለ እናቴ ጀመሩልኝ። እናቴ ትዘፍን እንደነበር አላውቅም ነበር። «ድምፅ የነበራትስ እሷ ነበረች። ሠርግ ላይ እሷ ካለች ሌላው አፉን አይከፍትም» አሉ። ምን ትል እንደነበር ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና አንድ ስንኝ አሉልኝ፤ ሁለተኛውን ሲያስታውሱ መናኸሪያ ደረስንና የሚኒባሱ ረዳት «ወገዳ! ወገዳ! አንድ ሰው!» እያለ መጥቶ ክንዳቸውን ያዛቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ፣ «እናትሽ ሠርጋቸው ላይ የዘፈነችላቸው አንዲት ባልቴት እስቴ አሉ፤ እሳቸው ሁሉንም ያውቁታል» አሉኝ። መኪናው ተነሣ።

ቤቴ ገብቼ የያዝኳትን አንድ ስንኝ ጻፍኳት። የቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ እስቴ ሄድኩ። ባልቴቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ማን እንደሆንኩና ምን ፍለጋ እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳሰሱና፣ «ቁጭ በይ፤ ብዙ ነው» አሉኝ።