እናቴ የውሃ አባት የሆነች ዓመት

በእኛ መንደር የውሃ አባት የሚሾመው በብልሃቱ አይደለም፣ በጉርምርምታው ነው። በበጋ ከወንዟ በቦይ የምትመጣውን ውሃ በተራ የሚያካፍለው ሰው ዘመኑን ሲጨርስ፣ ዓመቱን ሙሉ አብዝቶ የወቀሰው ይተካል። አምና እናቴ ስትመረጥ ከራሷ በቀር የተገረመ ሰው አልነበረም። "ሹመት ያዳብር!" ብለው ሳቁባት።

ሹመቱ ግን መራራ ሕግ አለው፤ የውሃ አባት ማሳ የሚጠጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ሌላም አለ፤ ተራህን ካልፈለግኸው ለቀጣዩ ባለተራ ታሳልፋለህ እንጂ ለወደድኸው አትሰጥም። ከሰጠህ ስርቆት ነው። እናቴ ደግሞ አባቴ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በአንዲት ቁራሽ የነጭ ሽንኩርት ማሳ ነው።

መጋቢት ላይ ውሃዋ ቀጠነች። እናቴ ግን ሹመቱ ጣማት። ነጠላዋን አደግድጋ፣ አካፋዋን ይዛ ቦዩን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። በጎች ይቅደሙ! የሱፍ ባና የምታጥቡ ወደ ታች ውረዱ! የውሃ ወፍጮው ውሃ ያሳልፋል እንጂ አይጠጣም፣ ስለዚህ ይፍጭ፤ የሚፈጨው ግን ከእሱ በታች ያለው ማሳ ተራ ሲደርሰው ብቻ ነው። ከማስተምርበት ከመሐል ሜዳ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አያታለሁ። እንዲህ ደምቃ አይቻት አላውቅም፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሽንኩርቱ ግን ራስ ለመቋጠር አንድ ውሃ ቀርቶት ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" አልኳት።

"ተራው ይደርሳል። አርፈሽ ተቀመጪ!"

በማርያም ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ ማሳችን ጠጥቶ ጠግቧል። በድንበር ምክንያት ከእናቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲነታረኩ የኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ የራሳቸውን ተራ ውሃ ወደ እኛ መልሰው ዳር ላይ ቆመዋል።

"ምን አደረጉ እርስዎ? ይሄ እኮ ስርቆት ነው!" ብላ ጮኸች።

"ተራው የኔ ነው።"

"ተራው የመንደሩ ነው!"

"እንግዲያውስ ይቅጡኛ!" አሉ፣ ፈገግ ብለው።

ቀጣቻቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦይ እንዲጠርጉ ፈረደች። የተሰረቀ ውሃ የጠጣ ማሳ ባለቤትም ጥፋተኛ ናት ብላ በራሷም ላይ ያንኑ ፈረደች። ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ሊያይ ወጣ። ሁለቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው፣ በአካፋ አያያዝ ሳይቀር እየተነታረኩ ሲጠርጉ ዋሉ። የሳቅነው ሳቅ ለብቻው ቦዩን ይጠርግ ነበር።

አመሻሽ ላይ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ እግሯን ስትታጠብ ብቻዋን ፈገግ አለች።

"ምን ያስቅሻል?" አልኳት።

ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ አዞረች።

"አባትሽ ከሞተ ወዲህ" አለች፣ "ለእኔ ብሎ የሰረቀ ሰው አልነበረም።"