ባለ ቦዩ መጥበሻዬ

በሰበታ ገበያ ከበርሜል ላሜራ መጥበሻ የሚቀጠቅጥ ብዙ ነበር፤ የሚያስብ ግን እኔ ብቻ። የሁሉም መጥበሻ ታቹ ልሙጥ ስለሆነ፣ ሴቶች ገብስ ሲቆሉ ከጉልቻው እየተንሸራተተ እሳት ውስጥ ይደፋባቸዋል። እኔ ታቹን ሦስት ቦይ አወጣሁለት፤ ከመሃል ተነሥቶ ጠርዝ የሚደርስ። የጉልቻው ራስ ቦዩ ውስጥ ይገባና መጥበሻው ንቅንቅ አይልም። ያስተማረኝ ሰው የለም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የዓለም ገና ቀጥቃጭ ያንኑ ሠርቶ ገበያ አወጣ። እውነት ለመናገር እጁ ከእኔ ያምራል። እሱ ከሠራው የእኔን ማን ይገዛል? ከሰስኩት። አጥቢያ ዳኛው ፊት፣ "ጉልቻ ሦስት መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ይህን ማንም ያስበዋል!" አለና ረታኝ።

ይግባኝ አልኩ። ፊደል በራሴ የቆጠርኩ ሰው ነኝና ማመልከቻውን ለማስጻፍ የራፖር ጸሐፊ ደጅ አልጠናሁም።

የይግባኙ ዳኛ ነገር የሚያበጥሩ ሽማግሌ ነበሩ። ባላጋራዬ እንደ ጥንቱ ሙግት፣ "ማንም የሚያስበው ባይሆን ማር ልስጥ!" ብሎ ተወራረደ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ልሙጥ ስትሠራ ኖርክ?" አሉት።

"አላስፈለገኝማ፣ ጌታዬ።"

"ሚስትህ ቆሎ አትቆላም?"

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው መጥበሻውን ገለበጡት። "የጉልቻ ራስ ትንሽ ነው። ቦዩ ለምን ረዘመ?"

"ለጌጥ ነዋ!"

ወደ እኔ ዞሩ። "የአንዱ ቤት ጉልቻ ተቀራርቦ፣ የሌላው ተራርቆ ይቆማል፤ ቦዩ ሲረዝም ለሁሉም ይሆናል" አልኩ።

እንዲያው አላመኑኝም። ካባቸውን ሰብስበው ወደ ዘበኞቹ ማድቤት ገቡ፤ ድንጋዮቹን በገዛ እጃቸው አንዴ አቀራርበው፣ አንዴ አራርቀው መጥበሻዬን ጣዱበት። አልተነቃነቀም።

"አይተህ የቀዳኸው አንተ ምክንያቱን ካላወቅከው፣ ሳታይ ከየት ታስበው ነበር?" አሉት። ያለ ፈቃዴ እንዳይሠራ ፈረዱ። እንደዚያ ያለ ዳኛ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ባላጋራዬ ማሩን ይዞ ቤቴ መጣ። "ኦቦ፣ ፍቀድልኝ። አብረን እንሥራ።"

"ማሰቡን ለእኔ ተወው" አልኩት፤ "እስቲ አንድ ቦይ አውጣና ልይህ።"

መታው። ከእኔ ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። ፈቀድኩለት፤ ቀጥ ማለቱን ግን አልነገርኩትም።