ሉቬና ስትጠራ

ሉቬና ስትራውድን በልጅነቷ የጉሮሮ በሽታ ይዟት ለሞት ተቃርባ ነበር። ነፍሷ ብትተርፍም ቀጭኑ ድምጿ በዚያው ቀረ። ከአልጋዋ ስትነሣ የጎረምሳ የመሰለ፣ ኮረብታ የሚሻገር ድምፅ ይዛ ተነሣች። የቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር መሪ ከኋላ ወንበር አስቀምጠው፣ "አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ብቻ ከፈት ከደን አድርጊ" አሏት።

ያን ድምፅ የወደዱላት የአባቷ የሆበርት አሳማዎች ብቻ ነበሩ። በአሜሪካዋ ሚዙሪ ኮረብታዎች አሳማ ጫካ ውሎ የሚገባው በጥሪ ነው። እሷ "ሱዊ!" ስትል መንጋው እየተጋፋ ይጋልባል።

ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ግን አባቷ ቆረጡ፤ መንጋው ለወንድማቸው ልጅ ለዴልማር ይሰጥ፣ እሷ ከተማ ወርዳ ከአክስቷ ዘንድ ስፌት ትማር።

"አባባ፣ ዴልማር ሲጠራቸው እኮ ይሸሻሉ!"

"ይለምዱታል። አሳማ የምትጠራን ሴት ማን ያገባታል?"

"አሳማ የሚጠራን ወንድስ? እማማ አግብታዎት የለም እንዴ!"

እናቷ ሳቋን በሽርጧ ሸፈነች። ሉቬና ቀጠለች፤ "በወረዳው የገበሬዎች ትርኢት ላይ በጥሪ ዴልማርን ከበለጥኩት መንጋው የእኔ ይሁን።"

ሴት በአሳማ ጥሪ ውድድር እንደማትገባ ያውቃሉና፣ ሆበርት ፈገግ ብለው "እሺ" አሉ።

በትርኢቱ ቀን ሆበርት መንጋቸውን አምጥተው ከሌሎቹ አሳማዎች ጋር በረት አስገቡ። ዴልማር ፊቱ እስኪቀላ ጮኾ አንደኛ ወጣ። ዳኞቹ ጀርባቸውን ለአሳማዎቹ በረት ሰጥተው ስለነበር፣ አንድም አሳማ ቀና እንዳላለ አላዩም። ሉቬና ተራ ስትጠይቅ ዋናው ዳኛ ሳቁ።

"የሴቶቹ ውድድር ባል መጥራት ነው፣ የኔ እመቤት። አንቺ ደግሞ ባል የለሽም፤ ማንን ልትጠሪ ነው?"

"የሚመጣልኝን!"

ባለትዳሮቹ "ምሳ ቀርቧል!" እያሉ ተራቸውን ጨረሱ። ሉቬና መድረኩ ላይ ወጥታ እጇን ባፏ ዙሪያ አደረገችና ያን ድምጿን ለቀቀችው።

የበረቱ ሳንቃ ተሰነጠቀ። የሆበርት መንጋ የኬክ ውድድሩን ድንኳን ሰንጥቆ መጣ፤ ትልቋ እናት አሳማ የዳኛውን ሚስት ኬክ ባፍንጫዋ ለብሳ ከመድረኩ ሥር ተጋደመች። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ሆበርት ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ዴልማር፣ እስቲ ጠርተህ መልሳቸው።"

ዴልማር ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ። አንዲት ጆሮ እንኳ አልተነቃነቀችም።

"በቃ፣ ቃል ቃል ነው" አሉ ሆበርት። "ያንቺ ናቸው። ወደ ቤት ንጃቸው።"

ሉቬና መንጋውን አርብታ፣ በኋላም የበረቱን ሳንቃ የጠገነውን አናጢ አግብታ አረጀች። በሕይወትሽ ትልቁ ነገር ምን ነበር ሲሏት የምትመልሰው ይህን ነው፦

"መንጋው እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ አባባ የፊት ወንበራቸውን ትተው ከኋላ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። መዝሙሩ ሲጀመር በክርናቸው ጎሰም አድርገው፣ 'ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ አልተሰማሽም' አሉኝ።"