ለሎምቤቦ ዘፈን የተበቀልንበት እሁድ

ባለፈው ሳምንት የሐበሻ ምግብ ቤት ወደሞላበት ሰፈር፣ ወደ ጀፕ ወርጄ፣ ክትፎ አዝዤ እንደተቀመጥኩ ያ ዘፈን ተከፈተ። አጠገቤ ያለው ወጣት ዘፋኙን ሲያደንቅ፣ ዘፈኑ የእሱ እንዳልሆነ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ብነግረውም አያምነኝም።

ዘፈኑ የሎምቤቦ ነው። ያኔ አራት የሆሳዕና ልጆች ነበርን፤ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ በሚሏቸው ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ዳቦና የስልክ ካርድ የምንሸጥ። ጊታር የለመድነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ብሉዝና ሮክ ያስተማረን ግን የሱቁ ሬዲዮ ነው። ሎምቤቦ ሊድ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፣ እኔ ቤዝ እጫወታለሁ። እሁድ እሁድ ጊታራችንን ታቅፈን በታክሲ ጀፕ እንሄድና ምግብ ቤት ውስጥ እንጫወት ነበር። ሰዉ ጥብሱን እየበላ እስክስታ ይጠይቀናል፤ እኛ በሃዲይኛ ብሉዝ እንለቅበታለን። ብዙም አልወደዱን።

ያን ዘፈን ሎምቤቦ የሠራው ወንድሙ በሱቁ ውስጥ በጥይት የተገደለ ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ፣ እኛ ልናጅበው ልምምድ ላይ ሳለን ሰማው፤ ድገሙልኝ ብሎ አስደገመን። በዓመቱ በራሱ ስም አወጣው። ለቅሶውን የሰርግ ጭፈራ አድርጎት ነበር።

ዘፋኙ ደግሞ ሲመጣ የኮንሰርቱ አዘጋጅ አጅቡት ብሎ ጠራን። እኛ ሦስታችን በቁጣ እምቢ አልን። ሎምቤቦ ግን «እሺ በሉት» አለ። «እሱ ይጀምረው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እዚህ በረዶ የሚወርደው በበጋ ነው፣ የጀፕን አዳራሽ ቆርቆሮ ይደበድባል። የዘፈኑ ተራ ሲደርስ ጭፈራውን ትተን ዘፈኑን እንደ ጥንቱ፣ በዝግታ ገባንበት፤ ቶኑም ሎምቤቦ የሚዘፍንበት፣ ለዘፋኙ ድምፅ ከፍ የሚለው ነበር። ዘፋኙ ዞሮ ዝቅ አድርጉ ብሎ በእጁ ጠቆመን። ሎምቤቦ ዓይን ዓይኑን እያየ ጭራሽ ከፍ አደረገው። የሰውዬው ድምፅ ተሰነጠቀ፤ የሚጨፍረው ሁሉ ቆመ። ሎምቤቦ ወደ ማይኩ ቀርቦ፣ «ይሄ የሰርግ ዘፈን አይደለም። የወንድሜ ለቅሶ ነው» አለና በሃዲይኛ ጀመረው። የአገራችን ሴቶች አለቀሱ። ዘፋኙ በጓሮ በር ወጣ። አላዘንኩለትም። ውጭ ድረስ ይሰማው ብዬ ቤዙን አጥብቄ መታሁት።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠራንም። አዘጋጁ ስማችንን በየምግብ ቤቱ አጠፋው፣ ባንዱም ተበተነ። ዘፈኑ እስከ ዛሬ በሌባው ስም ይሸጣል።

ፓስተራችን ይቅር በሉ ሲል አሜን እላለሁ። ወዲያው ግን ዘፋኙ ድምፁ የከዳው ጊዜ የነበረው ፊቱ ይመጣብኛል፤ ደስም ይለኛል። በቀደም ሎምቤቦ ሱቅ ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። ዳቦ መደርደሩን ሳያቋርጥ «እኔም» አለኝ።