በቆዳ የታሰረው ቱቦ

እናቴን አዳማ ባቡር ጣቢያ ልናደርሳት በማለዳ ከቡልቡላ ስንነሳ፣ አውቶሞቢሉ ባደረበት ቦታ መሬቱ በዘይት ጠቁሮ ነበር። አባቴ በእግራቸው አፈር መለሱበትና "ግቡ" አሉን። እናቴ ቀኝ ጎኗን ከታመመች ሰንብታለች፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ ትኩሳቱ በርትቶባት አደረ። ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው። ባቡሩ ከሰዓት በኋላ በአዳማ ያልፋል፤ እሱ ካመለጠን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሌላ የለም።

መቂ ሳንደርስ ከሞተሩ ጭስ ወጣ። ሾፌራችን የወሎ ሰው ነው፤ በክፉ ቀንም ቀልድ አያጣም። መኪናዋን ከአንድ ግራር ሥር አቁሞ ከሆዷ በታች ገባ።

"ጌታዬ፣ ይቺ መኪና ታለቅሳለች። ከፊትም ከኋላም ነው እንባዋ።"

"እሰርላት እንጂ አብረህ አትላቀስ" አሉት አባቴ።

የዘይት ቋቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀ። ሞተሩን ሲያስነሳው ከፊት ያለው ቆመ፤ ከኋላ ያለው ባሰ። ዘይቱን በባልዲ አጠራቅሞ ቋቱን አወረደና፣ አባቴ ከማር ስልቻቸው ቆርጠው በሰጡት ቆዳ በብረትና በብረት መካከል አዲስ መጋጠሚያ አበጀለት። ገጥሞ ሲያስነሳው ደግሞ በጎን በኩል ማንጠባጠብ ጀመረ። አንዱን ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል። የያዝነው ዘይት አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር፤ እሱም እየጎደለ ሄደ።

እኔ ከግራሩ ሥር ለተኛችው እናቴ ጥላ ይዤላት ቆሜ ነበር። ከቆምኩበት የሞተሩ ጎን ይታየኛል። ከዚያ ወደ ላይ የወጣ አጭር ቱቦ አለ፤ አፉ በቆዳ ተሸፍኖ በጠፍር ታስሯል። ያሰሩት አባቴ ናቸው። ማር ነጋዴ ስለሆኑ ማሰሮ ሲያስጭኑ አፉን በእርጥብ ቆዳ ይወጥሩታል፤ ሲደርቅ ጉንዳን እንኳ አያስገባም። የዝዋይ አቧራ ሞተሩን እንዳይበላው ብለው ቱቦውንም እንደዚያው አደረጉት። ሞተሩ ሲነሳ ቆዳው እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሲጠፋ ይረግባል። ደጋግሜ አየሁት። ውስጥ ያለው ትኩስ አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በየመጋጠሚያው እየገፋ እንደሚያስወጣው ገባኝ።

መናገሩ ግን ከበደኝ። ቤይሩት ተልኬ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሰዎች ተያይተው ፈገግ ስለሚሉ ዝምታን ለምጄ ነበር። ጎንበስ ብዬ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት።

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ለአባትሽ ንገሪ እንጂ።"

"አባዬ" አልኩ። አልሰሙኝም፤ ደገምኩት። "ያ ቆዳ ቢፈታ... መተንፈሻው መሰለኝ።"

"አቧራ ይግባበት ነው የምትይው?"

"አይ፣ እኔ እንኳ..."

"አፉ ያልታሰረ ዕቃ ምን እንደሚገባበት አንቺ አታውቂም፣ ልጄ።"

 ሾፌሩ ወደ እኔም ወደ አባቴም አየና ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ። እንደገና አጠበቁ፣ እንደገና ጨመሩ፣ እንደገና ፈሰሰ። የግራሩ ጥላ ዞሮ ፀሐይ እናቴ እግር ላይ አረፈች። እስከዚያ ድረስ ሳታቃስት የቆየችው እናቴ በድንገት ቀና አለች።

"ኧረ በማርያም! ልጅቷ ያለችውን ያድርጉት!"

አባቴ ቢላቸውን አወጡና ጠፍሩን በጠሱት። ቱቦው ግራጫ ጭስ እፍ ብሎ ተፋ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሾፌሩ። "ለካ ታፍና ኖሯል፣ ምስኪን!"

ፍሳሹ ቀጥኖ ጠብታ ሆነ። ደስ ያለው ሰው ግን አልነበረም፤ ቆርቆሮው ባዶ ነው። በቀረችው ዘይት ሞተሩ እንዳይቃጠል ጥቂት እየሄድን፣ ቆመን እያበረድን፣ ደግሞ ጥቂት እየሄድን፣ አዳማ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

ጣቢያው ጭር ብሏል። አንድ ሰው የተሳፋሪ መጠበቂያውን ይጠርጋል። የጣቢያው ሹም ፈረንሳዊ ነበር፤ ቢሮውን ሊቆልፍ ሲል ደረስንበት። አባቴ ክንዴን ይዘው ወደ ፊት አቀረቡኝ።

"ቋንቋውን ታውቂያለሽ። ንገሪው።"

ነገርኩት። እናቴ መኪና ውስጥ እንዳለች፣ የጭነት ባቡርም ቢሆን እንደምንሳፈር፣ መሬት ላይም ቢሆን እንደምትተኛ ሳልንተባተብ ነገርኩት። እስክጨርስ በትሕትና አዳመጠኝ። ፈረንሳይኛዬ ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ፤ የት እንደተማርኩም ጠየቀኝ። ከዚያም ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት የሚያልፍ ምንም ባቡር እንደሌለ አስረዳኝ።

"ምን አለ?" አሉ አባቴ።

"የለም አለ፣ አባዬ።"

ሐዲዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከመኪናው የእናቴ ማቃሰት ይሰማል።

"ምናልባት በደንብ አልገባው ይሆናል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እስቲ እንደገና ጠይቂው።"

እንደገና ጠየቅሁት።