ዝናብ የሚያውቀው ጉልበቴ

አየር ጤና ከታክሲ ወርጄ በወፍጮ ቤቱ በር ባለፍኩ ቁጥር የበርበሬው ሽታ አፍንጫዬን ይለበልበኛል። ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል። እኔን ያናድደኛል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀኝ ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኝ ነበር፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከአጥንቴ ውስጥ ይጠዘጥዘኛል። ለእናቴ ስነግራት፣ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤታችን ጣልቃ ገብታ «ተያት፣ ውሃ መቅዳት ሰልችቷት ነው፤ ታስመስላለች» አለቻት። እናቴም አመነቻት። ያን ክረምት ሙሉ ከቦኖው እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት ጄሪካን ተሸክሜ እያነከስኩ ወጣሁት። ስወጣ የምረግመው ጉልበቴን ሳይሆን ሴትየዋን ነበር።

ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደማነክስ ግን ግቢው ሁሉ ልብ ብሎ ኖሯል፤ ልብስ የሚያጥበው ሁሉ ከማስጣቱ በፊት ጉልበቴን ይጠይቀኝ ጀመር። ጥቅምት ላይ ያችው ጎረቤታችንም መጣች። ለልጇ ሰርግ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የወቀጠችውን በርበሬ ልታሰጣ ሸራ ዘርግታለች።

«የኔ ልጅ፣ ጦር ኃይሎች ደርሼ ልመጣ ነው። ጉልበትሽ እንዴት አደረ?»

ለውሃ ሲሆን ውሸታም የነበረው ጉልበቴ ለበርበሬ ሲሆን እውነተኛ ሆነ። ያን ጠዋት ከአልጋ የተነሳሁት ግድግዳ ይዤ ነው።

«ደህና ነው እትዬ፤ ምንም አላመመኝም» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግቢው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በርበሬውን ላነሳው እችል ነበር፤ አላነሳሁትም። ቀዩ ውሃ በግቢው መሃል ሲወርድ በመስኮት ቆሜ ሳቅሁ፣ አልዋሽህም። ያ ጉልበት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ሴትየዋ በስብሳ ገባች። ስድቧን ጠበቅሁ፤ የምመልስላትን ሁሉ ክረምቱን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የራሰውን ሸራ ጠቅልላ ቤቷ ገባች። ወዲያው በግድግዳው በኩል ሙሽራ ልጇን ስታባብላት ሰማሁ።

«ተይ፣ ልጅቷን እንዳትናገሪያት። አላመመኝም ስትለኝ እኮ፣ ዛሬስ ተሻላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ያን ሁሉ ውሃ ያሸከምኳትም እኔ ነኝ።»

በቀሌን ከእጄ ቀማችኝ። ለዚህም ይቅር ሳልላት ሞተች።

ዛሬ ሐኪሙም፣ የሥራ ባልደረቦቼም እንዴት ነሽ ይሉኛል። ምንም አላመመኝም ስላቸው እንደ እሷ ደስ ብሎት የሚሄድ የለም።